ስም ወይስ ወረፋ?

ባለፈው ዓመት በአንዲት ፊደል ምክንያት የሦስት ዓመት ቃለ ምልልስ አጠፋሁ።

ላፕቶፔ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ዲስክና ፍላሽ ሲሰካለት «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ»፣ «ኤስዲሲ» እያለ ይጠራቸዋል። የመጨረሻዋ ፊደል የዕቃው መታወቂያ አይደለችም። ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል የሚሰጣቸው ወረፋ ናት። ትናንት «ኤስዲቢ» የተባለው ፍላሽ ዛሬ «ኤስዲሲ» ሊሆን ይችላል።

እኔ ስም መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ፍላሽ ላይ ሲስተም ልጭን ብዬ የትናንቱን ትዕዛዝ እንዳለ ደገምኩት። ያን ቀን ግን ሃርድ ዲስኬን ቀድሜ ሰክቼ ስለነበር «ኤስዲቢ» እሱ ሆኗል። ማሽኑ ያዘዝኩትን ፈጸመ። ከጠፉት ድምፆች አንዱ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ አባት የነገሩኝ ነው። ተመልሼ አልጠይቃቸውም።

የሚያናድደው መፍትሔው እዚያው መኖሩ ነው። ሊኑክስ ያንኑ ዲስክ በሞዴሉና በሴሪያል ቁጥሩ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው። ረጅም ነው፣ ለመጻፍ ይሰለቻል፤ ግን የትኛውም ቀዳዳ ላይ ብትሰኩት አይቀየርም።

አጭሩ ስም ለዕለት ሥራ ይመቻል። የማይመለስ ትዕዛዝ ስትሰጡ ግን ዕቃውን በወረፋው ሳይሆን በመታወቂያው ጥሩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮፒ ይኑራችሁ።