ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

በዚህ እትም ስለ አንዲት ቃል ላጫውታችሁ ፈልጌአለሁ። ቃሏም «ፎርማት» የምትለዋ ናት። ኮምፒዩተር ዘገየ ሲባል «ፎርማት ይደረግ!»፣ ቫይረስ ገባ ሲባል «ፎርማት ይደረግ!» ይባላል። ለመሆኑ ምን ማለት እንደሆነ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ዊንዶውስን ወይም ሌላ ሥርዓት እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው።

እኔ የምሠራው በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ እየተባሉ በቁጥር ከሚጠሩት መንገዶች በአንደኛው ዳር ባለች ትንሽ የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ግራ ቀኙ መጋዘንና ፋብሪካ ስለሆነ የከባድ መኪና ድምፅ አይለየንም። ከቢሮ የወጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይመጡልናል፤ አቧራቸውን አራግፈን፣ ዲስካቸውን ደምስሰን እንደ አዲስ እንጭናቸዋለን። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ሥራው በዝቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽኖች አያሟሉም። ለእነዚህ እንደ ኡቡንቱ ያለውን ነፃ ሥርዓት መጫን አንዱ መፍትሔ ነው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ያገራችን ሰው ያረጀ ላፕቶፕ ይዘው ከካባላጋላ መጡ።

«ልጄ፣ እንደ እኔው አርጅቷል፤ ፎርማት አድርግልኝ» አሉኝ።

«እሺ አባባ። ውስጡ የሚፈልጉት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምን ይኖረዋል? የድሮ ወረቀት ነው።»

አብረን ከፈትነው። የድሮ ወረቀት ያሉት ከአገር የወጡበትን ምክንያት የጻፉበት የሕይወት ታሪካቸውና የልጃቸው የ8ኛ ክፍል ሰርቲፊኬት ቅጂ ኖሯል። የሰርቲፊኬቱ ዋና በጉዞ ላይ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ በየትም የለም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ታሪካቸው የተተየበው በቀድሞ የግዕዝ ፕሮግራም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ መንገድ ይደለድል ነበር። ስለዚህ ፋይሉን ብቻ ገልብጠን ፊደሉን፣ ማለትም ፎንቱን፣ ብንተወው ኖሮ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ይታይ ነበር። እኛም ፎንቱን ጭምር ወሰድን፤ ጽሑፉንም ፒዲኤፍ አድርገን አስቀመጥነው፤ በወረቀትም አተምንላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ነው ዲስኩን የነካነው።

እንግዲህ እናንተም ይህን ሥራ ስትሠሩ ቅደም ተከተሉን ያዙ።

አንደኛ፣ በእርግጥ ማስፈለጉን አረጋግጡ። ዲስኩ ሞልቶ ወይም ሜሞሪው አንሶ ሊሆን ይችላል። ያለ ምክንያት መደምሰስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ሁለተኛ፣ ፋይሎችን ቢቻል በሁለት ቦታ ገልብጡ። የተገለበጠውንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ እዩት። ያልተከፈተ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ መጫኛውን አዘጋጁ። ፍላሹም ሲዘጋጅ እንደሚደመሰስ አትርሱ።

አራተኛ፣ ቅጂ ያለበትን ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ንቀሉ። የዲስኮቹ ዝርዝር ሲመጣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ተሳስቶ የሌላውን መደምሰስ ቀላል ነው።

አምስተኛ፣ መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉት። ከዚያም ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነሡ፤ እንደ ማሽኑ ዓይነት ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ቁልፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሃርድ ዲስክ ላይ ተራ ፎርማት ብቻ ማድረግ የቀድሞውን ጽሑፍ ፈጽሞ አያጠፋም፤ በልዩ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር እንዲደመሰስ አድርጉ። የስደተኛ ታሪክ በማያውቁት ሰው እጅ መግባት የለበትም።

ውድ ተማሪዎች፣ እኛ ስደተኞች ብዙ ነገር ትተን የመጣን ነን። የቀረችን ወረቀት ብዙ ጊዜ አንዲት ናት። የሰው ኮምፒዩተር በእጃችሁ ሲገባ፣ «ውስጡ ምን አለ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትንኩት። «ምንም የለም» ቢሏችሁም አብራችሁ ክፈቱት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።