ከዋክብትን ስለሚያመለክት መሣሪያ

በቴሌስኮፕ ደብዛዛውን የሰማይ ብርሃን ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው። ስለዚህ በቤታችን ቴሌስኮፕ ማቆሚያ ላይ በኮምፒውተር የሚሠራ ማመልከቻ አስገጠምን። በሁለቱ ዘንጎች ላይ የተተከሉት ቆጣሪዎች ቴሌስኮፑ ወደ ጎንና ወደ ላይ የዞረበትን መጠን ይነግሩታል፤ እርሱም ያንን ከሰማይ መዝገቡ ጋር ያስተያያል።

ልጆቻችን ሰማዩን ትተው ቁጥር ብቻ እንዳያዩ ሠግተን ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ሥራውን የሚጀምረው ሰው ሁለት ከዋክብትን አነጣጥሮ ስማቸውን ከነገረው በኋላ ነው። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ ምሽት ልጆቹ አልደባራንን በምሥራቅ፥ ፎማልሃውትን በደቡብ በኩል በዓይናቸው ለይተው እንዲያነጣጥሩ አደረግን። ከዚያም ቁጥሮቹ ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ቴሌስኮፑን በእጃቸው ገፉት።

እነሆ፥ የጥንት ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ባሏት በአንድሮሜዳ ስም የሚጠራው የከዋክብት ጉባኤ እንደ ቀጭን ጉም ታየን። ብርሃኑ እኛ ዘንድ የደረሰው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጕዞ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መሣሪያው የሚመራው አስቀድሞ ጥቂት የሚያውቀውን ነውና፥ ለልጆቻችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱን ከዋክብት አስተምሯቸው።