በክረምት እንጦጦ ላይ አንድ ሌሊት

ውድ አንባቢ፥ በነሐሴ ወር ቤተሰብህን ይዘህ ተራራ ላይ ልታድር ብትነሣ ጎረቤትህ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። እኛንም ብሎናል። ዳሩ ግን ልጆቹ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድ ይልመዱ ብለን፥ ባለቤቴና እኔ ሁለቱን አስከትለን ከኮተቤ በላይ ያለውን የእንጦጦ ተራሮች ዳገት ተያያዝነው። አስተማሪው እኔ ነበርሁ፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ከላይ ስትደርስ የየካ ሰፈር በጭጋግ ተሸፍኖ ከእግርህ በታች ይቀራል፤ ዙሪያህን የምታየው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ መሆኑን ታውቃለህ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ መሥሪያ ቤትህ የት ይሆን እንደነበር እንጃ!

ከአንድ ገበሬ አስፈቅደን በግጦሽ መሬቱ ዳር፥ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ድንኳናችንን ተከልን። በዘጠኝ ሰዓት ዝናቡ ወረደ። ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነሐሴ ዝናብ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቀው የቀመሰው ነው። ትንሿ ልጄ ከእግር እስከ ራሷ ርሳ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። እኔም ከመሬት የለቀምሁትን ጭራሮ ከምሬ ክብሪት ብጭር ብጭር፥ ጢስ እንጂ እሳት አልወጣም። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ክብሪቱን ትቈጥር ነበር። ስድስት ፍሬ ቀረን።

በዚህ ጊዜ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩን። «ልጄ፥ መሬት የተኛ እንጨት እኮ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ። ሸክማቸውን አውርደው፥ ዛፍ ላይ እንዳለ የደረቀ ቅርንጫፍ እየመረጡ አሳዩኝ። በፋስ ስሰነጥቀው ልቡ ደረቅ ነበር! እሳቸው በጭቃው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉ፤ ከአጥሩ ዳር ካለው ጥድ ደረቅ ቅርፊት ልጠው በመዳፋቸው እያሹ እንደ ጥጥ አለሰለሱት፤ ነፋሱን በነጠላቸው ከልለው ክብሪቱን ለልጄ ሰጧት። በሁለተኛው ፍሬ ተያያዘ። ቀጥሎም ሽቅብ ተመልክተው ድንኳኑን ከዚያ እንድናነሣ አዘዙን፤ ባሕር ዛፍ በነፋስ ጊዜ ቅርንጫፉን ይጥላልና።

ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ ቡና ግን ጠጡ። ሲሄዱ ሸክሙን ላሸክማቸው ብዬ በሁለት እጄ ባነሣው ከመሬት አልላቀቅ አለኝ። ልጆቹ ሣቁ። ባለቤቴ ከኋላ ደግፋቸው እሳቸው ተነሡና በጭጋጉ ውስጥ ቁልቁል ወረዱ።

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ እሳቱን በየተራ ስንጠብቅ አደርን፥ እሱም ሊነጋጋ ሲል ጠፋብን። እሑድ ጧት ትንሿ ልጄ፥ እኔን «ወደዚያ በል አባባ» ብላ፥ በአንድ ፍሬ ክብሪት አነደደችው። ሦስት ፍሬ ይዘን ተመለስን።