የለገሃር ስምና ትዝታ

በከተማችን በአዲስ አበባ የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ መንገደኛ ሲጠራ፣ የውጭ አገር ቃል እንደሚናገር ምናልባት አያስበውም። ቃሉ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን የሚጠሩበት «ላ ጋር» ነው። ሕዝባችን ለአንደበቱ አስማምቶ የራሱ ስላደረገው፣ ዛሬ ለሰሚው እንደ ለገዳዲና እንደ ለገጣፎ ያለ ጥንታዊ የቦታ ስም ይመስላል።

ስሙ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ፣ ያሰቡትን ባቡር በመናገሻ ከተማቸው አላዩትም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በቸርችል ጎዳና ግርጌ የምናየው የጣቢያው ሕንፃም በኅዳር ወር 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ ኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል።

አሁን በዚያ ደጃፍ ስንቁን ይዞ ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ የለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ ከከተማው ዳር በለቡ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ ግን 1.435 ሜትር ስለሆነ፣ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። በዚህ አናዝንም፤ መሣሪያ ከዘመኑ ጋር ይለወጣልና።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሕንፃ ቢያረጅ በኖራና በቀለም ይታደሳል። የባቡሩ ነጂ፣ የሐዲዱ ጠጋኝና የቲኬቱ ሻጭ በሥራ ዘመናቸው ያወቁት ግን በግድግዳው ላይ አልተጻፈም። ነጂው ጭነት የከበደበትን ባቡር ዳገት እንዴት እንደሚያወጣው፣ ጠጋኙም የላላውን ሐዲድ በምን እንደሚለየው ከቀደሙት እያየ በእጁ ተማረው እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘውም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለገሃር ሲያስጐበኙ በሕንፃው ፊት አቁመው ብቻ እንዳይመልሷቸው እንለምናለን። ከቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች አንዱን ፈልገው ያገናኟቸው፤ ተማሪውም ይጠይቅ፣ የሰማውንም ይጻፍ። እኛም በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች የተጻፈውን ተቀብለን በክብር እናስቀምጥ። ነገ አንድ ሕፃን «ለገሃር ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከቃሉ ፍቺ አልፈን የሰዎቹን ሥራ ልንነግረው የምንችለው ዛሬ ከጻፍነው ነው።