የጎደለው «አንብቤአለሁ»

በጎሮ አብረን የምንጸልይ ጥቂት ሰዎች የስልክ መተግበሪያዎችን እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የዩቨርዥን መጽሐፍ ቅዱስ የዕለቱን ንባብ ያሳየናል፤ ስልኩም 5:00 ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለጸሎት ይቀሰቅሰናል። ያነበበ ሁሉ በቴሌግራም ቡድናችን «አንብቤአለሁ» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ሰሞን የአንዲት እናታችን «አንብቤአለሁ» ለ9 ቀን ጠፋ። «ሰነፉ» አልን እንጂ ማንም ደጃቸውን አላንኳኳም። በ10ኛው ቀን ስንሄድ ታመው ተኝተዋል። «ልጆቼ፣ የስልኬ ካርድ አልቆ ነው፤ የእናንተ እግር ግን ነበረ» አሉን። አንገታችንን ደፋን።

መተግበሪያውን አልተውነውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ቡድኑ ማን እንደጎደለ ነግሮናል፤ ተነሥቶ መሄድ ግን የእኛ ፈንታ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት 4 ሰዎች ተሸክመውት ሄዱ፤ መግቢያ ቢያጡ ጣሪያ ነደሉ። አሁን ዘወትር ሐሙስ ማታ የስልካችን ማስታወሻ «በዚህ ሳምንት ማንን ጠየቃችሁ?» ይለናል።

እናንተስ? ዛሬ ከመካከላችሁ ማን ጎድሏል? ጌታ እግራችንን ያፍጥን። አሜን።