ወፍጮ በዱቤ አይፈጭም

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ተፈናቃይ እናትን ከእርዳታ መዝገብ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። መዝገቡም እስክሪብቶውም በእጄ ነበሩ።

የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲገባ ከነፋስ መውጫና ከዙሪያዋ፣ ከዚያም ወዲያ ከሰሜን ወሎ የወጣው ሕዝብ ወደ ደብረ ታቦር ጎረፈ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ጊዜው የቡሄ ሰሞን ነበር፤ ከተማዋ ራሷ በመድፍ ተመትታ ሐዘን ላይ ሳለች ያለው ሁሉ ካለው አዋጣ። ለሆያ ሆዬ ልጆች የተጋገረው ሙልሙል ለተፈናቃይ ልጆች ሆነ። ከፋርጣ ድንች፣ ከፎገራ ሩዝ መጣ። እናቶች በዝናብ እንጀራና ወጥ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር። እኛ ወጣቶች ደግሞ አንዱን መማሪያ ክፍል የእህል ማከማቻ አድርገን የመጣውን እየመዘገብን እናድል ነበር። ሥራው በጎ ነበር፤ ዛሬም እንዲያው ነው የማምነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የስንዴው ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ገበያ ስወጣ እኒያ እናት ከእኛ የወሰዱትን ስንዴ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው በጣሳ ሲሸጡ አየኋቸው። ደሜ ፈላ። ሰው ከልጆቹ አፍ ቀንሶ የሰጠው እህል ገበያ ወጣ ብዬ ተቃጠልኩ። ቀርቤ ግን አልጠየቅኳቸውም። በሚቀጥለው እደላ ተራቸው ደርሶ ፊቴ ሲቆሙ፣ እናቴን የሚያህሉትን ሴት «አንቺ» ብዬ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «የተራበ ሰው እህል አይሸጥም፤ ለተቸገረ ልቀቂ» አልኩ።

«ልጄ፣ ወፍጮ በዱቤ አይፈጭም» አሉኝ።

ሰበብ መሰለኝ። መልስ ሳልሰጥ ስማቸውን ሰርዤ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ወጡ።

ነገሩ የገባኝ አብረዋቸው የሚያድሩ ሌላ እናት ከቀናት በኋላ ሲያስረዱኝ ነው። እኛ የምንሰጠው ድፍን ስንዴ ነበር። ስንዴው ዳቦ እንዲሆን የወፍጮ ይከፈልበታል፣ ጨው ይገዛለታል፣ ማገዶ ይፈለግለታል። በነሐሴ ደብረ ታቦር ላይ ደረቅ እንጨት የሚገኘው በገንዘብ ነው። እኒያ እናት ደግሞ ከቤታቸው በሌሊት ሲወጡ ልጆቻቸውን እንጂ ሳንቲም አልያዙም። የሸጡት ጥቂት ጣሳ ነው። በዚያ ገንዘብ የቀረውን አስፈጩ፣ ጨውና እንጨት ገዙ። ከጋገሩትም ክፍሉ ውስጥ ላለች አራስ አካፈሉ። እኔ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው እናት እኛ ያላሰብንላትን አራስ ያበሉ ኖሯል።

ያደግኩት የ77ን ረሃብ ታሪክ እየሰማሁ ነው። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን እብናት ላይ፣ በእርዳታ መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች ዝናብ ጥሏል፣ ሄዳችሁ እረሱ ተብለው ተባረሩ፤ ጎጇቸውም ተቃጠለ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዕዛዙን የሰጡትን እረግም ነበር። የእኔ ጥፋት ከዚያ ግፍ ጋር አይተካከልም። ሥሩን ሳየው ግን ያው ነው፤ የተቸገረው ሰው ምን እንደሚበቃው ከራሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ማለት ነው። በሴፍቲኔት ለገበሬው አንዳንዴ እህል፣ አንዳንዴ ጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ለዓመታት አይቻለሁ። ችግረኛ ገንዘብ ለምን ያስፈልገዋል ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መልሱን ሳላውቀው አልቀርም ነበር።

ፈለግኳቸው። የጋይንት መንገድ ሲከፈት ከተመለሱት ጋር ሄደዋል አሉኝ። ለጓደኞቼ ያደረግኩትን ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ከእህሉ ጋር የወፍጮ ገንዘብ ማዋጣት ጀመርን፤ አንድ ባለወፍጮም የተፈናቃዮችን እህል በነፃ ይፈጩልን ጀመር። ጥሩ ሆነ፤ እሳቸው ግን አልደረሱበትም።

ለተቸገረ እህል የምትሰጡ ሁሉ፣ የምትችሉ ከሆነ ዱቄት አድርጋችሁ ስጡ። ካልሆነ የወፍጮውን፣ የጨውንና የማገዶውን አብራችሁ ስጡ። የሰጣችሁት ገበያ ላይ ሲሸጥ ብታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት ምን ጎደለ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ለብቻ ወስዳችሁ፣ በአክብሮት ይሁን።

እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ለብቻዬ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ዝም ማለት እችል ነበር። እርስዎን ያዋረድኩት ግን በሰው ፊት ስለሆነ፣ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልጠይቅ ይገባኛል።