አንድሮሜዳ የማን ልጅ ናት?

እኔ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ ስም ልነግራችሁ ነው።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንድ የክፍላችን ልጅ «ከሰል» የሚል ስም አወጣልኝ። ሌሎቹም ተቀበሉት። እዚህ እየሳቅኩ አልፋለሁ፤ ቤት ስገባ ግን መስታወት ማየት አስጠላኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን፣ ለእኛ ፍኖተ ሐሊብ ቅርብ የሆነው ትልቅ ጋላክሲ አንድሮሜዳ እንደሚባል አስተማሩን። «የማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት» አሉኝ። የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር እኮ!

ተረቱ እንዲህ ነው። አባቷ ንጉሥ ሴፊየስ፣ እናቷ ንግሥት ካሲዮፔያ ይባላሉ። እናትየዋ በውበት ተመክታ የባሕር ልጃገረዶችን ናቀች። የባሕር አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ። ጥፋት የሌላት አንድሮሜዳ በሰው አፍ ምክንያት ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ፐርሲየስ የሚባል ጀግና አውሬውን ገድሎ አዳናት፤ አገባትም።

እንግዲህ ስሟ ቁጥቋጦም ላይ አለ። ካርል ሊኔየስ የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1732 እ.ኤ.አ. በሰሜን አገር ረግረግ ላይ ሮዝ አበባ ያላት ትንሽ ቁጥቋጦ አየ። እግሯ ውኃ ውስጥ ሆኖ ብቻዋን ስለቆመች የታሰረችውን ልጅ አስታወሰችው፤ አንድሮሜዳም አላት።

ቤተ መጻሕፍት ባገኘሁት ሥዕል ላይ ግን ነጭ ሆና ተስላለች። መምህሬ እንደነገሩኝ ብዙዎቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች እንደዚያ ነው የሚስሏት። ኦቪድ የሚባለው የሮማ ባለቅኔ ግን ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት መልኳ እንደ አገሯ ሰው ጠቆር ያለ እንደነበር፣ ፐርሲየስም እንደወደዳት ጽፏል። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነበር። ቃሉም ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው። ታዲያ ከሰል ያለኝ ልጅም ኢትዮጵያዊ አይደል?

በኅዳር መጨረሻ አሶሳ ላይ መብራት በጠፋ ማታ ከአያቴ ጋር ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ወጣን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ወደ ሰሜን ስታዩ «ጠ» ፊደልን የሚመስሉ አምስት ኮከቦች አሉ፤ ካሲዮፔያ ናት። የግራው ጫፏ ወደ ላይ ያመለክታል። እሱን ተከትላችሁ ስትሄዱ እንደ ጭስ የደበዘዘች ነገር ታያላችሁ። ጋላክሲዋ እሷ ናት። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አያቴ አንገቷ እስኪያማት አየችና «ጨለማ ባይሆን መቼ እናያት ነበር?» አለችኝ። ያን ማታ ስለ ስሙ ነገርኳት።

ስሙን ያወጣልኝ ልጅ ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም፤ ግን በስሜ ጥራኝ። መብራት ሲጠፋ ና፣ አሳይሃለሁ።